በአሮጌ ዲ2 እና ዲ4 ካተርፒላር ላይ ጋቨርነርንና የነዳጅ ሌቫን ማስተካከል

ይህ መመሪያ ካተርፒላር እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1950ዎቹ ድረስ ለሠራቸው ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ሰንሰለታማ ትራክተሮች፣ በተለይም ለዲ2 እና ለዲ4፣ የተዘጋጀ ነው። ሥራው ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው ሁለት መፍቻ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ የሚታመን ታኮሜትር (የሞተር ዙር መለኪያ) እና ትዕግሥት ነው፤ ከሁሉም በብዛት የሚጎድለው ግን የመጨረሻው ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። በቤንዚን መኪና ላይ ፔዳሉን ሲረግጡ የካርቡራቶሩን በር በቀጥታ ይከፍታሉ። በእነዚህ ትራክተሮች ላይ ግን ሌቫው ለሲሊንደሩ ነዳጅ አይሰጥም፤ የሚያደርገው የጋቨርነሩን፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት የሚጠብቀውን ክፍል፣ ሞላ መወጠር ወይም ማላላት ብቻ ነው። ጋቨርነሩ ውስጥ ሞተሩ በጥርስ የሚያሽከረክራቸው ክብደቶች አሉ። ሞተሩ ሲፈጥን ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይከፈቱና ሞላውን እየተጫኑ ሬክ የሚባለውን የነዳጅ ፖምፓ ጥርሳም ዘንግ ነዳጅ ወደሚቀንስበት አቅጣጫ ይገፉታል፤ ጭነት መጥቶ ሞተሩ ሲዘገይ ክብደቶቹ ይሰበሰቡና ሞላው ሬኩን ወደ ብዙ ነዳጅ ይመልሰዋል። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 ለእንፋሎት ሞተር የተጠቀመበት ሐሳብ ይኸው ነው። ስለዚህ ኦፕሬተሩ በሌቫው የሚያዘው የዙር ፍጥነት ነው፤ ያንን ፍጥነት ለመጠበቅ ምን ያህል ናፍጣ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው ጋቨርነሩ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ የሚከተለው ከዚህ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

ትራክተሩን ደልዳላ መሬት ላይ ያቁሙ፣ ምላጭ ካለው መሬት ላይ ያስቀምጡ፣ ካምቢዮውን ነፃ ያድርጉ፣ ፍሬኑን ይቆልፉ። ከሞተሩ ጎን ሆነው ሲሠሩ ሌቫው ዘንድ የሚቀመጥ አንድ ረዳት ያስፈልግዎታል፤ ከእርስዎ ምልክት በቀር ምንም እንዳይነካም አስቀድመው ይስማሙ።

ሁለተኛው ዝግጅት ብዙ ሰው የሚንቀው ነው። የናፍጣ ሞተር ሬኩ ሙሉ ነዳጅ ላይ ተጣብቆ ከቀረ የሚገታው ነገር ስለሌለ ዙሩ እየጨመረ ይሄዳል፤ በሰከንዶች ውስጥም ራሱን ሊያፈርስ ይችላል። የታንከሩን ቧንቧ መዝጋት ለዚህ ብልሽት አይደርስም፤ በፊልትሮውና በቱቦው ውስጥ የቀረው ናፍጣ ሞተሩን ለማጥፋት ከሚፈልጉት ጊዜ በላይ ያስኬደዋልና። አስተማማኙ መንገድ አየሩን መከልከል ነው። ስለዚህ የአየር ማጣሪያውን የላይኛ ክዳን አስቀድመው ያንሡና አፉን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ወፍራም ጣውላ፣ የታችኛው ገጹ ላይ ጎማ የተለጠፈበት ቢሆን ይመረጣል፣ በእጅ በሚደርስ ቦታ ያስቀምጡ። በእጅ መዳፍ ወይም በጨርቅ ለመድፈን አይሞክሩ፤ ጨርቁን ይውጠዋል፣ እጅንም ይጎዳል።

ጥፋቱ በእርግጥ የጋቨርነሩ ነው?

ከልምዴ እንደማውቀው «ጋቨርነሩ ተበላሽቷል» ተብለው ከሚመጡት ማሽኖች አብዛኞቹ ጋቨርነራቸው ደህና ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የጠጠር ማምረቻ ውስጥ የነበረ ዲ4 ጉልበት አጣ ተብሎ ተጠራሁ። ከእኔ በፊት የመጣው ሰው የማኅተሙን እርሳስ ቆርጦ የከፍተኛ ፍጥነቱን ብሎን አዙሮት ስለነበር፣ ማሽኑ ያለ ጭነት ከ1,700 ዙር በላይ ይጮህ ነበር፤ ምላጩ አፈር ሲነካ ግን ከ1,200 በታች ይወርዳል። እኔም ብልህ አልነበርኩም፤ ግማሽ ቀን ጋቨርነሩን ስመረምር ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ የነዳጅ ግፊት መለኪያውን ሳየው መርፌው ከዜሮ እምብዛም አልራቀም። ፊልትሮው ሲፈታ እንደ ጭቃ በደለል ተሸፍኖ ወጣ። ፊልትሮው ተቀይሮና ብሎኑ ወደ ቦታው ተመልሶ ትራክተሩ በዚያው ምሽት ወደ ሥራው ገባ።

ስለዚህ ማንኛውንም ብሎን ከመንካትዎ በፊት የሚከተሉትን ይፈትሹ። የነዳጅ ግፊት መለኪያው ሞተሩ ሲሠራ በትክክለኛው ክልል ላይ መሆን አለበት፤ መለኪያው ራሱ የሞተ ከሆነ በሌላ ይለውጡት። የነዳጅ መስመሩ አየር ካለው ያውጡለት። የአየር ማጣሪያው በዘይት የሚሠራ ስለሆነ የሳህኑን ዘይት ደረጃና ንጽሕና ይመልከቱ። ጭሱንም ያንብቡ፦ ጭነት ላይ የሚወጣ ድቅድቅ ጥቁር ጭስ ሬኩ በበቂ ሁኔታ መከፈቱን ይነግርዎታል፤ ያ ማሽን የጎደለው አየር ወይም የኢንጀክተር ጤንነት ነው እንጂ ነዳጅ አይደለም። ጉልበት አጥቶ ጭሱም ንጹሕ ከሆነ ግን ነዳጅ እየደረሰው አይደለም።

ለረጅም ጊዜ ቆመው በነበሩ ማሽኖች ላይ በጣም የተለመደው ችግር የሬክ መጣበቅ ነው። አሮጌ ናፍጣ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ስለሚሆን ሬኩን ወይም ከአራቱ የፖምፓ ፕሉንጀሮች አንዱን ይይዛል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ረዳትዎ ሌቫውን ከማጥፊያው እስከ ሙሉ ፍጥነት እንዲያመላልስ ያድርጉና ሬኩን ይመልከቱ፤ ያለ ማመንታት፣ ያለ መዝለል፣ ተከትሎ መሄድና መመለስ አለበት። ከጋቨርነሩ ተለይቶ ሲሞከር ደግሞ በአንድ ጣት ግፊት መንሸራተት ይገባዋል። የሚይዝ ከሆነ ዝገት አላቃቂ ዘይት ሰጥተው ያሳድሩት፣ በማግሥቱ በቀስታ ያንቀሳቅሱት፤ በመዶሻ አይምቱት። ሬኩ በነፃነት እስካልተንቀሳቀሰ ድረስ ሞተሩን በፍጹም አያስነሡ፤ ከላይ የተናገርኩት ከቁጥጥር መውጣት የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው።

ሌቫውና ማያያዣ ዘንጎቹ

ከኦፕሬተሩ ሌቫ እስከ ጋቨርነሩ ክንድ ድረስ ያለው መስመር ዘንጎች፣ መገጣጠሚያዎችና ፒኖች አሉት፤ በአንዳንዶቹ ላይም ፍጥነት የሚቀንስ የእግር ፔዳል ተጨምሮበታል። ሰባ ዓመት የሠራ ፒን ክብ ሆኖ አይጠብቅዎትም፤ ቀዳዳውም እንቁላል ይመስላል። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ያለው ግማሽ ሚሊ ሜትር ልቅነት ተደምሮ ሌቫው ላይ ሁለትና ሦስት ጣት ባዶ እንቅስቃሴ ይሆናል።

አንድ እጅዎን ጋቨርነሩ ክንድ ላይ ያድርጉና ረዳትዎ ሌቫውን በዝግታ እንዲያንቀሳቅስ ያድርጉ። ሌቫው ተንቀሳቅሶ ክንዱ እስኪከተል ያለው ርቀት ልቅነቱ ነው። ያረጁትን ፒኖች ይለውጡ፣ ቀዳዳዎቹን በሪመር አስፍተው ቡሽ የሚባለውን ቀለበት ያስገቡ፣ የፒን መቆለፊያ ሽቦዎቹንም አዲስ ያድርጉ። ሁሉንም በቀጭን ዘይት ያለስልሱ፤ ወፍራም ግሪስ አቧራ ስለሚይዝ ከጥቂት ወራት በኋላ ራሱ ችግር ይሆናል።

ከዚያ የዘንጉ ርዝመት ይስተካከላል። ደንቡ ይህ ነው፦ በሁለቱም ጫፍ አስቀድሞ ማቆሚያውን መንካት ያለበት የጋቨርነሩ ክንድ ነው እንጂ ሌቫው አይደለም። ሌቫውን እስከ ሙሉ ፍጥነት ይውሰዱት፤ ክንዱ በጋቨርነሩ ውስጥ ያለውን ማቆሚያ ሲነካ ሌቫው ከራሱ መጨረሻ 3 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ያህል ሊቀረው ይገባል። በማጥፊያው በኩልም እንዲሁ ነው፤ ክንዱ ሬኩን ሙሉ በሙሉ ወደ ዝግ ካላደረሰው ሞተሩ አልጠፋም ብሎ እየተንገዳገደ ይቆያል። ርዝመቱን ለማስተካከል የመቆለፊያ ዳዶውን ያላሉ፣ ፒኑን ያውጡ፣ የዘንጉን ጫፍ በግማሽ ዙር በግማሽ ዙር እያዞሩ ይሞክሩ። በመጨረሻም ወደ ጫፉ የገባው ጥርስ ቢያንስ የዘንጉን ውፍረት ያህል መሆኑን ያረጋግጡ፤ በሁለት ጥርስ የተያዘ ዘንግ አንድ ቀን ተራራ ላይ ይላቀቃል።

ሌቫው ያስቀመጡት ቦታ ላይ ካልቆመና በንዝረት ብቻውን የሚመለስ ከሆነ፣ የሚይዘው ጥርስ ወይም ፍሪክሽን አርጅቷል ማለት ነው። ይህ ጥገና ቀላል ነው፤ ግን ሳይሠራ ከታለፈ ኦፕሬተሩ «ጋቨርነሩ ፍጥነት አይጠብቅም» እያለ ሲያማርር ይኖራል።

ብዙ ጊዜ ሥራው እዚህ ላይ ያልቃል። ከዚህ በኋላ ያለውን የሚቀጥሉት ታኮሜትሩ አሁንም ስህተት ካሳየ ብቻ ነው።

የሚኒሞ (ሞተሩ ሳይጠፋ በዝቅተኛ ዙር የሚሠራበት ፍጥነት) ማስተካከያ

ሞተሩን አስነሥተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያሙቁት፤ የውኃው ሙቀት ወደ 75 ወይም 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይደርስ የሚወሰድ ልኬት ዋጋ የለውም፤ ቀዝቃዛ ዘይት ጋቨርነሩን ያዘገየዋልና። ሞተሩ ገና ጠፍቶ ሳለ ከክራንኩ ጋር አብሮ በሚዞረው ፑሌ ላይ አንጸባራቂ ወረቀት ይለጥፉና የጨረር ታኮሜትር ይጠቀሙ። የፋኑ ፑሌ ላይ አይለጥፉ፤ የቺንጋው ፑሌዎች መጠናቸው ስለሚለያይ የሚያነቡት ቁጥር የሞተሩ አይሆንም።

የጋቨርነሩን ክዳን ሲከፍቱ የክንዱን እንቅስቃሴ የሚገድቡ ማቆሚያ ብሎኖችን ያገኛሉ። አቀማመጣቸው እንደ ማሽኑ ተከታታይ ቁጥር ስለሚለያይ የትኛው የቱ እንደሆነ በዓይን መገመት አይበቃም። ሞተሩን አጥፍተው ሌቫውን ወደ ሙሉ ፍጥነት ይውሰዱ፤ ያን ጊዜ የሚነካው ብሎን የከፍተኛው ነው። ወደ ሚኒሞ ሲመልሱት የሚያርፍበት ደግሞ የሚኒሞ ነው። ሁለቱንም በቀለም ምልክት ያድርጉባቸው፤ መጀመሪያ የነበሩበትንም ቦታ በጭረት ያሳዩ፣ ቢሳሳቱ የሚመለሱበት ይኖርዎታል። ክዳኑ ክፍት ሳለ የሚወድቅ ዳዶ በቀጥታ ወደ ጥርሶቹ ስለሚሄድ፣ ካቻቢቴዎን በሲባጎ አስረው አንገትዎ ላይ ማንጠልጠል ሞኝነት አይደለም።

ሞተሩን እንደገና አስነሡና ሌቫውን ሚኒሞ ላይ ያድርጉ። የመቆለፊያ ዳዶውን አላልተው ብሎኑን ሩብ ዙር ያዙሩ፣ አሥር ሰከንድ ይጠብቁ፣ ታኮሜትሩን ያንብቡ። የማሽንዎ መጽሐፍ የሚያዘውን ቁጥር ይያዙ። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሳይንቀጠቀጥ፣ አንድ ሲሊንደር ሳይዘል፣ የዘይቱም ግፊት ሳይወርድ መዞር አለበት። ሚኒሞን ከልክ በላይ ዝቅ ማድረግ ናፍጣ አያተርፍም፤ ሲሊንደሮቹን ያቀዘቅዝና ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ዘይቱ ያወርዳል።

ያለ ጭነት ከፍተኛው ፍጥነት

ስህተት ውድ ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። የቀድሞው ዲ2 ሙሉ ጭነት ይዞ እንዲዞር የተሠራው በደቂቃ በ1,525 ዙር ሲሆን፣ የቀድሞው ዲ4 ደግሞ በ1,400 ዙር ነው፤ በኋላ የወጡ ስሪቶች ከዚህ ይለያሉና በማሽኑ ላይ ያለውን ሰሌዳ ወይም የተከታታይ ቁጥሩን መጽሐፍ ይከተሉ። ይህ ቁጥር የጭነት ፍጥነት መሆኑን ልብ ይበሉ። እንዲህ ያለ ሜካኒካል ጋቨርነር ጭነት ሲቀልለት ዙሩ ከፍ እንዲል ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ ያለ ጭነት የሚለካው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ ወደ 10 በመቶ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ዲ2 ያለ ጭነት 1,680 አካባቢ፣ ዲ4 ደግሞ 1,540 አካባቢ ቢያነብ ጤነኛ ነው። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው ያለ ጭነት 1,525 እስኪያነብ ድረስ ብሎኑን ይመልሰውና ማሽኑን ራሱ ያደክመዋል፤ ቀጥሎም ጉልበት የለውም ብሎ ይማረራል።

ሌቫውን በቀስታ ወደ ሙሉ ፍጥነት ይውሰዱ፤ ዓይንዎ ታኮሜትሩ ላይ፣ ጣውላው አጠገብዎ ይሁን። ፍጥነቱ ዝቅ ካለ አስቀድመው ክንዱ ማቆሚያውን መንካቱን ይመልከቱ፤ ካልነካው ጥፋቱ የዘንጉ ርዝመት ነውና ወደ ኋላ ይመለሱ። ከነካው ብቻ ብሎኑን ሩብ ዙር ያዙሩ። በየትኛው አቅጣጫ እንደሚጨምር ታኮሜትሩ ይነግርዎታል፤ የመጀመሪያዋን ሩብ ዙር ሁልጊዜ ወደሚቀንሰው በመሰለዎት በኩል ያድርጉ። ቁጥሩ ሲደርስ ብሎኑን በካቻቢቴ እንደያዙ ዳዶውን ያጥብቁ፣ ከዚያ ሌቫውን ሦስት ጊዜ ከሚኒሞ እስከ ሙሉ አመላልሰው እንደገና ይለኩ። ሦስቱም ንባብ ከ10 ወይም ከ15 ዙር በላይ መለያየት የለባቸውም፤ ከተለያዩ በመስመሩ ላይ የሚይዝ ነገር ቀርቷል።

ሬኩ የሚደርስበትን የመጨረሻ የነዳጅ መጠን የሚገድበው ማቆሚያ የተለየ ነገር ነው፤ የሚለካውም በልዩ መሣሪያ ስለሆነ በዚህ ሥራ ውስጥ አይነካም። ፖምፓ ለሚሠራ ባለሙያ ይተዉት።

ጭነት ላይ መፈተሽ

ማሽኑን ወደ ሜዳ ይውሰዱና ሌቫው ሙሉ ላይ ሆኖ ምላጩን አፈር ውስጥ ያስገቡ ወይም ከባድ ነገር ያስጎትቱት። ጭነቱ በደረጃ ሲጨምር ፍጥነቱ እየወረደ መጥቶ በጭነቱ ቁጥር አካባቢ መጽናት አለበት፤ ምላጩ ሲነሣም ብዙ ሳይዘል ወደ ቀድሞው መመለስ ይገባዋል። ከጭነቱ ቁጥር በታች ቢወርድ ጋቨርነሩ ያለውን ሁሉ ሰጥቷል፤ ሬኩም መጨረሻው ላይ ነው። ያን ጊዜ ማርሽ ይቀንሱ እንጂ ወደ ብሎኑ አይመለሱ።

በደጋ ለሚሠሩ ሰዎች አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። እነዚህ ሞተሮች ተርቦ የላቸውም፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ወደ 3 በመቶ የሚሆን ጉልበት ያጣሉ። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ አንድ አምስተኛ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ጉልበት በአየሩ መሳሳት ብቻ ይቀራል። ቆላ ውስጥ በሦስተኛ ማርሽ የሚጎትተውን ደጋ ሲወጣ በሁለተኛ ይጎትተዋል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ኦፕሬተሩ አጥብቆ ቢጠይቅዎትም ነዳጅ አይጨምሩ። የሚቃጠልበት አየር የሌለው ናፍጣ ጥቁር ጭስና ትኩስ ማርሚታ ከመሆን በቀር የሚያወጣው ጉልበት የለም፤ የሚበላውም ፒስተኑን ነው።

ሞተሩ ከፍ ዝቅ ሲል

ሌቫው በአንድ ቦታ ቆሞ ሳለ ሞተሩ እንደሚተነፍስ ሰው ከፍ ዝቅ እያለ የሚጮህ ከሆነ፣ ጋቨርነሩ ያዘዘው እንቅስቃሴ ዘግይቶ እየደረሰ ነው ማለት ነው። መዘግየቱን የሚያመጣው በአብዛኛው የሬክ መያዝ ወይም በጋቨርነሩና በሬኩ መካከል ያለ ልቅነት ነው። ቀጥሎ የሚጠረጠረው በነዳጅ ውስጥ ያለ አየር ነው። አንድ ደካማ ኢንጀክተርም ተመሳሳይ ድምፅ ያመጣል፤ የእያንዳንዱን ሲሊንደር የነዳጅ መስመር በየተራ በትንሹ ሲያላሉ፣ ሲላላ የድምፁ ለውጥ የማይታይበት እሱ ጥፋተኛው ነው። የሚረጨውን ናፍጣ ከቆዳዎ ያርቁ፤ ግፊቱ ሥጋ ይበሳል። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ችግሩ ከቀጠለ ብቻ የክብደቶቹ ፒኖችና ኩሽኔታዎች አርጅተዋል፤ ጋቨርነሩ ወርዶ መፈታት አለበት።

ማስነሻው ሞተር

ትልቁን የናፍጣ ሞተር የሚያስነሣው ከጎን ያለው ባለ ሁለት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር የራሱ ጋቨርነር አለው፤ እዚህ ግን ጋቨርነሩ የሚያዝዘው የካርቡራቶሩን በር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ሞላው በሩን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ ሊይዘው ይገባል። ካልያዘው በሩንና የጋቨርነሩን ክንድ ሁለቱንም ሙሉ ክፍት ላይ አድርገው የመሃሉን ዘንግ ርዝመት በዚያ ልክ ያስተካክሉ። በሩ ከዘንጉ ጋር ያለ መያዝ መዘጋቱን በእጅ ሳይሞክሩ አያስነሡት፤ ይህች ትንሽ ሞተር ያለ ገደብ ከፈጠነች ዘንግዋን ትወረውራለች፣ መለዋወጫዋም ከትልቁ ሞተር ይልቅ ያስቸግራል።

ሲጨርሱ ክዳኑን በአዲስ ጓርኒሲዮን ይዝጉ፣ ብሎኖቹን በሽቦ አስረው በእርሳስ ያሽጉ፣ የሚኒሞውንና ያለ ጭነት የለኩትን ፍጥነት ከቀኑ ጋር በትንሽ ቆርቆሮ ላይ ጽፈው ከመሣሪያ ሳጥኑ ክዳን ውስጥ ይለጥፉ። ማሽኑ አሥር ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ታኮሜትሩን ይዘው ይመለሱና ሁለቱን ቁጥሮች እንደገና ያመሳክሩ፤ የዘንጉን መቆለፊያ ዳዶዎችም በመፍቻ ይንኩ፣ አዲስ ቡሽ ቦታውን እስኪይዝ አንዳንዴ ይላላሉና።